መርፌና መንገድ

«ድሪቶ» የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ መልካም ስም የለውም። ድሪቶ የለበሰ ሰው የተቸገረ ሰው ነው። እራፊ በእራፊ ላይ ሲጣፍበት ኖሮ የመጀመሪያው ጨርቅ የትኛው እንደነበረ የማይለይ ልብስ ነው ድሪቶ። ታዲያ በአውስትራሊያ ዋና ከተማ በካንቤራ፣ በብሔራዊው የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር፣ ከ2,800 በላይ እራፊዎች የተቀጣጠሉበት አንድ የአልጋ ልብስ እንደ ብርቅ ቅርስ ይጠበቃል ቢባል ለጆሮ እንግዳ ሳይሆን አይቀርም። ጨርቁ ብርሃን ስለሚጎዳው ለሕዝብ የሚታየው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። የተሰፋው ደግሞ በቤት ውስጥ አይደለም፤ በውቅያኖስ ላይ፣ በምትናወጥ መርከብ ውስጥ ነው። የሰፉትም ወደ ግዞት የሚወሰዱ ሴቶች ናቸው።

ነገሩን ለመረዳት አስቀድሞ ስለ ሙያው ጥቂት ማለት ይገባል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ኩዊልት» የሚሉት የአልጋ ልብስ ሦስት ድርብ አለው። ላዩ ብዙ ጊዜ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ይቀጣጠላል፤ መሐሉ ባዘቶ ነው፤ ታቹ ገበር ነው። ስለዚህ ሥራው ሁለት ነው ማለት ነው። አንደኛው እራፊዎቹን እርስ በርስ መግጠም ሲሆን፣ ለዚህ አንድ መርፌ፣ ክርና የሰው ጭን ይበቃል። ሁለተኛው ሦስቱን ድርብ አንድ ላይ መደረዝ ነው፤ ለዚህ ግን ጨርቁ በሰፊ የእንጨት ማዕቀፍ ላይ ተወጥሮ ለሳምንታት መቆየት አለበት፤ ቦታ ይፈልጋል፤ ጎረቤት ይፈልጋል። እንግዲህ መንገደኛ ሴት የመጀመሪያውን ሥራ ይዛ መሄድ ትችላለች፤ ሁለተኛው ግን መድረሻዋን ይጠብቃል። የሙያው ታሪክ በመንገድ ላይ የተጻፈው በዚህ ልዩነት ነው።

ወደ መርከቢቱ እንመለስ። ስሟ «ራጃ» ይባላል። በ1841 (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሚያዝያ 5 ቀን 180 ያህል ሴት ግዞተኞችን አሳፍራ ከእንግሊዝ ተነሣች። መድረሻዋ ቫን ዲመንስ ላንድ፣ የዛሬዋ ታስማኒያ ነበር። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ወንጀለኛ ያለቻቸውን ሰዎች፣ አብዛኞቹን በጥቃቅን ስርቆት የተፈረደባቸውን፣ ወደ አውስትራሊያ ትሰድ ነበር። ከ1788 እስከ 1868 ድረስ 25 ሺህ ያህል ሴቶች በዚህ ዕጣ ሄደዋል። አብዛኞቹም አገራቸውን ዳግመኛ አላዩም።

በለንደን የኒውጌት እስር ቤት የሴቶችን መከራ አይታ ለመሻሻሉ የተነሣችው ኤልሳቤጥ ፍራይና በ1821 የተቋቋመው ማኅበሯ፣ ለተሳፋሪዎቹ ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ከረጢት ሰጧቸው። በውስጡ መቶ መርፌ፣ ስፒል፣ መቀስ፣ በየቀለሙ ክር፣ ጣትን ከመርፌ የሚከላከል ቆብ፣ እንዲሁም ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ቁርጥራጭ ጨርቅ ነበረበት። የማኅበሩ ሐሳብ ግልጽ ነበር። እጅ ሥራ ካላገኘ ለጥል ይዘረጋል፤ ሴቶቹም በአዲሱ አገር የሚተዳደሩበት ሙያ ያስፈልጋቸዋል። ኬዚያ ሄይተር የምትባል ወጣት ሴት በመርከቢቱ ላይ ጠባቂያቸው ሆና ተጓዘች፤ ሥራውንም የመራችው እርሷ እንደሆነች ይታመናል። ጉዞው 105 ቀናት ፈጀ። «ራጃ» ሐምሌ 19 ቀን ሆባርት ስትደርስ ሥራው አልቆ ነበር። ስፋቱ በየጎኑ ከሦስት ሜትር በላይ ነው። በመሐሉ አበቦችና አእዋፍ ተለጥፈውበታል፤ ዙሪያውን በየረድፉ የተደረደሩ እራፊዎች ከበውታል። ባዘቶ ግን የለውም። መደረዣ ማዕቀፍ በሌለበት መርከብ ላይ ከዚህ በላይ መሥራት አይቻልም ነበርና።

በግርጌው ላይ በጥልፍ የተጻፈ ቃል አለ። ሥራው ለማኅበሩ ሴቶች የምስጋና ስጦታ መሆኑን፣ ግዞተኞቹም የታታሪነትን ምክር እንዳልዘነጉ ይናገራል፤ የመርከቢቱን ስም ይጠራል፤ «ሰኔ 1841» ብሎ ይደመድማል። የአንዲት ሰፊ ስም ግን የለበትም! የመርከቢቱ መዝገብ የሴቶቹን ስምና ወንጀል አንድ በአንድ ይዘረዝራል፤ የገዛ እጃቸው ሥራ ግን «ግዞተኞች» ብሎ ብቻ ያልፋቸዋል። ጨርቁ ወደ እንግሊዝ ከተመለሰ በኋላ ለመቶ አርባ ዓመታት ያህል ደብዛው ጠፋ። ቆይቶም በስኮትላንድ በአንድ ቤት ጣሪያ ሥር ተገኘና በ1989 የአውስትራሊያው ቤተ መዘክር ንብረት ሆነ። በመካከሉ የሰፉት ሴቶች ሁሉ አልፈዋል።

«ራጃ» በባሕር ላይ ስትሄድ በሰሜን አሜሪካ ደግሞ ሌላ ጉዞ እየተጀመረ ነበር። ከ1840ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የባቡር ሐዲድ አህጉሩን አቋርጦ በ1869 እስኪገጥም ድረስ፣ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከሚዙሪ ወደ ኦሪገንና ወደ ካሊፎርኒያ በበሬ ጋሪ ተጉዘዋል። መንገዱ ወደ 3,200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ከአራት እስከ ስድስት ወር ይፈጃል። ጋሪው ጠባብ ነው፤ ከአንድ ቶን ብዙም የማይበልጥ ጭነት ይይዛል። በዚያ ላይ ዱቄቱ፣ ባሩዱ፣ ማረሻው አለ። አያት የሰጡት ቁም ሣጥን ገደል ሲደርስ ይጣላል። ኩዊልት ግን አይጣልም፤ ምክንያቱም ሥራው ብዙ ነው። ሌሊት ብርድ ልብስ፣ ቀን የመቀመጫ ምንጣፍ፣ በነፋስ ጊዜ መጋረጃ ይሆናል። ኮሌራ በገባ ጊዜ፣ ለሣጥን የሚሆን እንጨት በማይገኝበት ሜዳ፣ መግነዝም ሆኗል።

ስለዚህ ጉዞ የተሳሉ ሥዕሎች ብዙ ጊዜ ሴቲቱን በጋሪው ላይ ተደላድላ ስትሰፋ ያሳዩናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ጋሪው እንደ ዛሬ መኪና ንዝረት የሚውጥ ሞላ አልነበረውም። በድንጋይ ላይ ሲንገጫገጭ እንኳን መርፌ ማሾለክ መቀመጥም ያስቸግር ነበር። ስለዚህ ብዙዎቹ ሴቶች ከጋሪው ጎን በእግር ይሄዱ ነበር። መርፌ የሚያዘው በሬዎቹ ሲፈቱ፣ በቀትር ዕረፍትና በማታ እሳት ዳር ነው፤ ያኔም ቢሆን ዳቦ ከተጋገረ፣ ልጅ ከተኛ፣ የተቀደደው ሱሪ ከተጣፈ በኋላ። ለዚህም ነው ከዚያ ዘመን የቀሩት ኩዊልቶች አብዛኞቹ ከጉዞው በፊት ወይም ከጉዞው በኋላ የተሠሩት። የሴትን ድካም ወደ መዝናኛ የለወጠው ሥዕሉ እንጂ መንገዱ አይደለም።

ከጉዞው በፊት ከተሠሩት መካከል ግን አንድ ዓይነት አለ፤ ልብ ይነካል። ጎረቤቶችና ዘመዶች እያንዳንዳቸው አንዳንድ ቁራጭ ሰፍተው በየቁራጩ ላይ ስማቸውን ይጽፋሉ፤ ቁራጮቹም ተገጣጥመው ለተጓዧ ይሰጣሉ። በ1840ዎቹ በጣም የተስፋፋ ልማድ ነበር፤ ጨርቅ የማይበላና በእጥበት የማይለቅ ቀለም በዚያው ዘመን መገኘቱም ረድቶታል። ፎቶግራፍ ብርቅ በነበረበት ዘመን ያቺ ሴት በሩቅ አገር የምትተኛው የእናቷን፣ የእኅቶቿንና የጓደኞቿን ስም ለብሳ ነው። ብዙዎቹን ዳግመኛ እንደማታይ ሰጪዎቹም ተቀባይዋም ያውቁት ነበር።

ጋሪው በሞተር ተተካ። በ1910 ፒርስ አሮው የተባለው የመኪና ኩባንያ የኋላ መቀመጫዋ ተዘርግቶ አልጋ የሚሆን መኪና በኒው ዮርክ ለሕዝብ አሳየ። በ1930ዎቹ ዋሊ ባያም እንደ ዓሣ የሚያብረቀርቁትን «ኤርስትሪም» የተባሉ ተጎታች ቤቶች መሥራት ጀመረ። ይኸው ሰው በ1959 እና በ1960 እንደነዚህ ያሉ ቤቶችን ከሚጎትቱ አሜሪካውያን ጋር ከኬፕታውን እስከ ካይሮ ሲጓዝ በአገራችንም አልፏል፤ አፄ ኃይለ ሥላሴም እንግዶቹን ተቀብለዋቸዋል። ዛሬ አሜሪካውያን በአጭሩ «አር ቪ» የሚሏት፣ ቤትም መኪናም የሆነች ተሽከርካሪ፣ በተለይ ከጡረታ በኋላ ዓመቱን በመንገድ ለሚያሳልፉ ብዙ ባልና ሚስቶች መኖሪያ ሆናለች።

ምድጃው፣ ማቀዝቀዣው፣ መብራቱ በውስጧ ሲኖር የስፌት መኪናስ ለምን አይኖርም? ይኖራል እንጂ። በየከተማችን በረንዳ የምናውቀው ሲንጀር በ1933 ክብደቷ አምስት ኪሎ ያህል የሆነ ትንሽ መኪና አውጥቶ ነበር፤ እስከ ዛሬም ኩዊልት ሰፊዎች ይፈልጓታል። ይሁን እንጂ ማታ ጠረጴዛው ለራት ይፈለጋል፤ ቀን መኪናው ይሄዳል፤ ባዘቶውና ገበሩ የሚዘረጋበት ወለል የለም። ስለዚህ መንገደኛዋ የጥንቷ መፍትሔ ላይ ትደርሳለች። ከወረቀት ትንንሽ ባለ ስድስት ጎን ቅርጾች ትቆርጣለች፤ በየቅርጹ ላይ እራፊ አጥፋ ትወሰውሳለች፤ ጠርዝ ከጠርዝ ገጥማ በእጅ ትዘመዝማለች፤ በመጨረሻም ወረቀቱን ታወጣለች። ሥራው በሙሉ በአንዲት የብስኩት ቆርቆሮ ይያዛል። በእንግሊዝ የጥንት ሰፊዎች ለዚሁ የሚጠቀሙት አሮጌ ደብዳቤና ጋዜጣ ነበር። ሳያልቁ በቀሩ ሥራዎች ውስጥ ወረቀቱ እንደተሰፋ ስለሚገኝ የታሪክ ተመራማሪዎች የጨርቁን ዕድሜ ከዚያ ያነቡታል።

መርከብ፣ ጋሪ፣ ሞተር፦ ሦስቱ መንገዶች አንድ አይደሉም። አንዷ ተገዳ ትሄዳለች፤ ሁለተኛዋ ብዙ ጊዜ ባሏ ስለወሰነ ትሄዳለች፤ ሦስተኛዋ ደስ ስላላት ትሄዳለች። ግዞተኛዋን ከጡረተኛዋ ጋር ማመሳሰል ግዞቱን ማቅለል ይሆናል። ያም ሆኖ በሦስቱም እጅ ያለው ያው መርፌ ነው። ቤት ከኋላ በቀረበት፣ ነገም በማይታወቅበት ሰዓት፣ በአንድ ስንዝር ጨርቅ ላይ የራስን ልክ መወሰን ይቻላል። ትልቁ ልዩነት የሚታየው በጨርቁ ጀርባ ነው። የዛሬ ኩዊልት ሰፊዎች ሥራቸውን ሲጨርሱ በስተጀርባው ትንሽ ጨርቅ ይለጥፉና ማን፣ የት፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደሰፋው ይጽፉበታል፤ ጀማሪዎችንም ይህን እንዳይረሱ አጥብቀው ይመክራሉ። የ«ራጃ» ሴቶች መርከቢቱን ጻፉ፤ ወሩን ጻፉ፤ ምስጋናውን ጻፉ። ለስማቸው የሚሆን ጨርቅ አላጡም፤ ከ2,800 በላይ እራፊ በእጃቸው ነበር።