ከውጅግራ እስከ መካከለኛው የአደን ጥይት

በድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ሰው የባቡር ነገር ሲነሣ የሚናገረው አያጣም። ቡናው እንዴት ይጫን፣ ጨርቁና ስኳሩ እንዴት ይራገፍ እንደ ነበር ከአባቶቹ ሰምቷል። በዚያው ሐዲድ ጥይት ወደ ውስጥ ይገባ፣ የዝሆን ጥርስም ወደ ባሕር ይወርድ እንደ ነበር የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። እኛ የታሪክ ክበብ አባላት ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ምን እንጻፍ ብለን ስንማከር፣ ከመካከላችን አንዱ «የአደን ጥይት ታሪክ ይሁን» ቢል ሌሎቻችን ሳቅንበት። ኋላ ነገሩን ስንመረምረው የታሪክም የፊዚክስም ትምህርት ያለበት ሆኖ አገኘነው።

ከተማችን ከመቆርቆሯ በፊት ጠመንጃ ወደ አገራችን ይገባ የነበረው ከታጁራና ከዘይላ በግመል ተጭኖ ነው። ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ግጥም መጻፉን ትቶ ነጋዴ ከሆነ በኋላ፣ በ1879 ዓ.ም. ወደ 2,000 የሚጠጉ ጠመንጃዎች ከታጁራ አስጭኖ ለንጉሥ ምኒልክ አቅርቧል። በአገሩ ስሙ የሚነሣው በቅኔው ነው፤ እኛ ዘንድ ግን የመጣው በፈረንጅ አገር ጊዜ ያለፈባቸውን መሣሪያዎች ይዞ ነበር። በዚያው ዓመት ምኒልክ በጨለንቆ ድል አድርገው ሐረርን ያዙ። በ1895 ዓ.ም. ደግሞ ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በረሃ አቋርጦ እዚህ ደረሰ፤ ድሬዳዋም ተቆረቆረች።

አባቶቻችን ለጠመንጃዎቹ ያወጡላቸው ስም ራሱ ታሪክ ይናገራል። «ስናድር»፣ «አልቤን»፣ «ምንሽር» የምንላቸው ሁሉ ከፈረንጅ ስም የመጡ ናቸው። «ውጅግራ»ም «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የተገኘ ሲሆን፣ «ፉዚ» ጠመንጃ ማለት ነው፤ «ግራ» ደግሞ መሣሪያውን ያሻሻለው የፈረንሳይ መኮንን ስም ነው። ፈረንሳይ ይህን ጠመንጃ ለጦሯ የመረጠችው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1874 ነበር። አፈ ሙዙ 11 ሚሊ ሜትር፣ አረሩ ልባስ የሌለው 25 ግራም እርሳስ፣ ባሩዱም ጥቁርና ጢሳም ነው። ጥይቱ ከአፈ ሙዙ ሲወጣ በሰከንድ 450 ሜትር ያህል ይሄዳል።

በዚያ ዘመን የአደን ጠመንጃ ብሎ ለይቶ የሚይዝ ሰው ከመኳንንቱ በቀር እምብዛም አልነበረም፤ ወታደሩ የሚያድነው በሚዘምትበት መሣሪያ ነበር። ዝሆን የገደለ ሰው ክብሩ ታላቅ ነበርና ይፎክራል፣ ይዘፈንለታል፣ ጌጥም ያደርጋል። ነገር ግን ለስላሳ እርሳስ ከዝሆን የራስ ቅል ጋር ሲጋጠም ይጨፈለቃል እንጂ በቀላሉ አይዘልቅም። ስለዚህ በአንድ ዝሆን ላይ ብዙ ሰው መተኮስ ነበረበት። ጢሱም የተኳሹን ዐይን ይጋርዳል፤ በተቆጣ ዝሆን ፊት ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢ ይገምተው።

በፈረንጆች 1886 ፈረንሳይ ጢስ አልባ ባሩድ የሚጎርሰውን ባለ 8 ሚሊ ሜትሩን ለበል ባወጣች ጊዜ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ጥይት ቀጠነ፣ በጠንካራ ብረት ተለበሰ፣ ፈጠነ። ስኮትላንዳዊው አዳኝ ቤል፣ በአገራችን ደቡብ ምዕራብም ያደነው፣ በሕይወቱ ከ1,000 በላይ ዝሆን የገደለ ሲሆን አብዛኞቹን የጣለው በ7 ሚሊ ሜትር ጥይት ነው። ምሥጢሩ ጥይቱ ብቻ አልነበረም። ቤል የዝሆንን ራስ በመጋዝ አሰንጥቆ አንጎሉ የት እንደሚገኝ ያጠና ሰው ነው። ያን ያልተማረ ሰው በቀጭን ጥይት ቢመካ የሚያቆስለው ይበዛል። በሌላው ጫፍ እንግሊዞች ባለ ሁለት አፈ ሙዝ ግዙፍ ጠመንጃ ሠሩ። ከሁሉ የገነነው «600» የሚባለው ሲሆን አረሩ 58 ግራም፣ ጠመንጃው 7 ኪሎ ያህል ነበር፤ ዋጋው የባለጸጋ፣ ምቱም ትከሻ የሚሰብር።

መካከለኛው ጥይት የተወለደው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። በ1905 የበርሊኑ ጠመንጃ ሠሪ ኦቶ ቦክ ባለ 9.3 ሚሊ ሜትሩን ሲያወጣ፣ በተራው የሞዘር ጠመንጃ አካል እንዲገባ አድርጎ ስለ ለካው በአፍሪካ የሚኖር ገበሬ እንኳ ሊገዛው ቻለ። በ1912 የለንደኑ ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ «375» የተባለውንና 9.5 ሚሊ ሜትር የሚሆነውን አወጣ። ሁለቱም ከመቶ ዓመት በላይ አልፏቸው ዛሬም ይሠራሉ። ለምን ተወደዱ?

ይህን ለመረዳት በፊዚክስ ክፍል የተማርነውን ይዘን አሰላን። የመጠነ ቁሱ እኩሌታ በፍጥነቱ ካሬ ሲባዛ ውጅግራ 2,500 ጁል ያህል ይሰጣል፤ የቤል ባለ 7 ሚሊ ሜትር 2,700 ያህል። የኦቶ ቦክ ጥይት ግን 18.5 ግራም ሆኖ በሰከንድ ወደ 700 ሜትር ስለሚሄድ 4,500 ጁል ይደርሳል። ይበልጥ ያስገረመን ሌላው ሒሳብ ነው። የአረሩን ክብደት በፊቱ ስፋት ብናካፍለው፣ ለእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር ለሦስቱም ከሩብ ግራም ጥቂት የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ! ስለዚህ ውጅግራን ያሳነሰው ክብደት ሳይሆን ፍጥነትና ልባስ ማጣት ነው። መካከለኛው እንደ ቀጭኑ ይዘልቃል፤ ሰፋ ያለ ቁስልም ያደርጋል፤ ተኳሹም ሳይፈራው ደጋግሞ ሊተኩሰው ይችላል።

በቅሎ እየነዳ ለወራት ለሚጓዝ አዳኝም አንድ ዐይነት ጥይት ለሁሉ መብቃቱ ትልቅ ዕረፍት ነበር። ለምሳሌ የእኛው የጨርጨር ተራራ የደጋ አጋዘን የሚኖርበት ነው። ይህን አውሬ እንግሊዛዊው አይቮር በክስተን በ1908 አገኘው ይባላል፤ የአገሩ ሰው ከጥንት የሚያውቀውን «አገኘ» ማለት እንዴት እንደ ሆነ ባይገባንም። አጋዘኑ ከሸለቆ ማዶ ስለሚታይ ሩቅ የሚሄድ ጥይት ይፈልጋል፤ ዝሆንና ጎሽ ደግሞ በጥሻ ውስጥ በቅርብ ስለሚገኙ ከባድ ጥይት ይፈልጋሉ። መካከለኛው ለሁለቱም ይሆናል። በበርካታ የአፍሪካ አገሮች ሕግ ለአደገኛ አውሬ ከ«375» ያነሰ የተከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሕጉ የሚጠብቀው አዳኙን ብቻ ሳይሆን አውሬውን ከቁስል ስቃይ ነው።

ከሐረር ወዲያ በኤረርና በጎበሌ ሸለቆዎች የሚኖሩት ዝሆኖች ዛሬ የቀሩት ጥቂት ናቸው። የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ለእነርሱ የተቋቋመው በ1962 ዓ.ም. ነበር። በዘመናችን በአፍሪካ ለጥርስ ሲሉ በሕገ ወጥ መንገድ የሚገድሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚይዙት ክላሽንኮቭ ነው። ይህንንም አሰላነው፤ አረሩ 8 ግራም፣ ኃይሉ 2,000 ጁል ያህል፣ ማለትም በ1874 ከተሠራው ውጅግራ ያነሰ ነው። ለካሬ ሚሊ ሜትር የሚደርሰው ክብደትም ሩብ ግራም አይሞላም። ጉድለቱን የሚሞሉት በአንድ ካዝና 30 ጥይት በማርከፍከፍ ነው። እንዲህ የተመታ ዝሆን ብዙ ጊዜ ወዲያው አይወድቅም፤ ቁስሉን ይዞ ቀናት ተጉዞ ከገዳዮቹ ርቆ ይሞታል፤ ጥርሱም በዚያው ጫካ ይቀራል።