ስንቁን ማን ይሸከም?

ኮሎራዶ የሚኖር የእህቴ ልጅ በቀደም ደወለልኝ። የቤተሰቡን ደኅንነት ተጠያይቀን ከጨረስን በኋላ ወደ ገደለው ገባ። «ጋሼ፣ በኤሌክትሪክ የምትሠራ አዲስ ፒክአፕ ልገዛ ነው። ባትሪው ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ አለው። ጎማውም እንደዚሁ ምርጫ አለው። የቱን ልውሰድ?» ዕድሜውን በግጥምና በልብ ወለድ ለጨረሰ ሰው ይቀርባል እንዲህ ያለ ጥያቄ? ልጁ ግን ወዶ አይደለም። ሻጮቹ የሰጡት ሰንጠረዥ እንቅልፍ ነስቶታል። እኔንም ነገሩ ሲከነክነኝ ሰነበተና መጻሕፍት ማገላበጥ ያዝሁ። የልጁ ጥያቄ ለካ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ጥያቄ ኖሯል። መልስም ነበረው፤ መልሱ ተረሳ እንጂ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ የሻጮቹን ሰንጠረዥ እንመልከት። ሪቪያን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2021 የመጀመሪያዋን ፒክአፕ ለገበያ ሲያወጣ፣ ባለ 21 ኢንች ጎማዋ በአንድ ቻርጅ 505 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች ተብሎ ተመዘገበላት። ጭቃና ድንጋይ የሚደፍረውን ባለ 20 ኢንች ጎማ የመረጠ ግን ከዚህ ርቀት ላይ ከ10 እስከ 15 በመቶ እንደሚያጣ ኩባንያው ራሱ አስታወቀ። ለዓይን የሚያምረውን ባለ 22 ኢንች የወሰደም ከ5 እስከ 10 በመቶ ይቀነስበታል። ልብ በሉልኝ፤ ባትሪው አልተነካም፣ ሞተሩም ያው ነው። የተለወጠው ቸርኬና ጎማ ብቻ ነው። 15 በመቶ ማለት ደግሞ 75 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ ቢሾፍቱን አልፎ፣ ሞጆ የሚያደርስ መንገድ።

ምክንያቱ ረቂቅ አይደለም። ጎማ በተንከባለለ ቁጥር መሬት የነካው ክፍል ይጨፈለቅና ይመለሳል። በዚያ መካከል ጉልበት ወደ ሙቀት እየተለወጠ ይባክናል። ጥርሱ ወፍራምና ሻካራ የሆነ ጎማ ብክነቱ ይበዛል፤ የቸርኬው ክብደትም ሲታከልበት መኪናዋን ከቆመችበት ለማስነሳት ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቃል። በነዳጅ መኪናም ላይ ይኸው ነገር ነበረ። ማደያው በየመንገዱ ስላለ ማን ልብ ብሎት! የኤሌክትሪክ መኪና ገዢ ግን በአንድ እጁ ሺህ ሺህ ዶላር እየቆጠረ ርቀት ይገዛል፣ በሌላ እጁ ያንኑ ርቀት ለጎማው ይከፍላል።

ባትሪ ማለት በእኛ ቋንቋ ስንቅ ማለት ነው። የጥንት ሲራራ ነጋዴ ይህን ስሌት ያለ ሰንጠረዥ ያውቀው ነበር። በቅሎዋ የራሷን ገብስ መሸከም ከጀመረች የምትጭነው ሸቀጥ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ገብሱን ስትጨምርላት መንገዱ ይረዝምላታል፤ ይህም እስከ አንድ ቦታ ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ ገብስ የምትበላው ገብስ ለመሸከም ይሆናል። የጦር ታሪክ ያነበበም አይስተውም፤ በ1896 ዓድዋ ላይ የተፋጠጡት ሁለቱም ወገኖች ቀናቸውን ይቆጥሩ የነበረው በስንቃቸው ልክ ነበር። ዛሬስ? ሐመር የተባለችው የጂ.ኤም.ሲ. የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ክብደቷ ከ4 ቶን በላይ ነው። ከዚህ ውስጥ ባትሪዋ ብቻ 1,300 ኪሎ ያህል ይመዝናል። አንዲት ኮሮላ በሆዷ ይዛ ትዞራለች እንደማለት ነው።

ይህ የባትሪና የጎማ ትግል የተጀመረው የኤሌክትሪክ መኪና ገና ሲወለድ ነው። ሄንሪ ሞሪስና ፔድሮ ሳሎም የተባሉ ሁለት ሰዎች በ1894 ፊላደልፊያ ላይ «ኤሌክትሮባት» ያሏትን መኪና ሠሩ። ክብደቷ 1,900 ኪሎ ግራም ገደማ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ከ700 ኪሎ የሚበልጠው የእርሳስ ባትሪ ነበር። ያንን ሁሉ ክብደት የሚችል ጎማ ስላልነበረ ብረት አጠለቁላት። በሌላ አነጋገር፣ ስንቁ በዛና እግሯን ብረት አደረገው፤ የብረት እግር ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። ሰዎቹ ብልሆች ነበሩ። በኋላ በሠሯቸው መኪኖች ላይ ባትሪውን ቀነሱት፣ በአየር የሚነፋ ጎማም አደረጉላቸው። የኒው ዮርክ የመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሪክ ታክሲዎች የመጡት ከዚህ ሥራ ነው። ታክሲዎቹ ባትሪያቸው ሲያልቅ ቆመው አይሞሉም ነበር፤ ጣቢያ ገብተው ያለቀው ይወርድና የተሞላው ይጫንላቸዋል። ይህ እንግዲህ በ1890ዎቹ መጨረሻ ነው!

ኤሌክትሪክ በዚያን ጊዜ የዳር ተመልካች አልነበረም። በ1900 በአሜሪካ ከተሠሩት 4,192 መኪኖች 1,681ዱ በእንፋሎት፣ 1,575ቱ በኤሌክትሪክ ሲሠሩ፣ የቤንዚኖቹ 936 ብቻ ነበሩ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ቤልጅጋዊው ካሚል ዤናቲ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለፈውም በኤሌክትሪክ መኪና ነው። ለመኪናይቱ ያወጣላት ስም «መቼም የማትረካዋ» የሚል ትርጉም ያለው ነበር። ስም አወጣጡን ለገዢዎችም ያሰበበት ይመስላል።

የኤሌክትሪክ መኪና ትክክለኛ ቦታውን ያገኘው ግን በሩጫ ሜዳ ሳይሆን በጭነት ላይ ነው። የዳቦ ቤት፣ የጠማቂ፣ የትልልቅ መደብሮች ዕቃ ከቤት ወደ ቤት የሚታደለው በፈረስ ጋሪ ነበር። ፈረሱ ይደክማል፣ ይታመማል፣ በሥራም በእረፍትም ይበላል። የኤሌክትሪክ የጭነት መኪና ደግሞ በየበሩ ቆም ብሎ መነሳት አይከብደውም፤ ቆሞ ሳለም ምንም አይበላም። ድፍን ጎማ አጥልቆ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ድፍን ጎማ ካላማዳሪያ የለውም፤ ስለዚህ አይፈነዳም፣ ጎሚስታም አያስፈልገውም። መንገዱ አጭርና የታወቀ ስለሆነ ባትሪው የሚመረጠው በዚያው መንገድ ልክ ነው። ፊላደልፊያ የነበረው የከርቲስ አሳታሚ ድርጅት በ1912 አካባቢ የተሠሩ ሃያ ሁለት እንዲህ ያሉ መኪኖች ነበሩት። መጽሔትና ወረቀት እያመላለሱ እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ሠሩ። ሃምሳ ዓመት! የዛሬዎቹ ባለ 22 ኢንች ፒክአፖች ይህን ዕድሜ ያያሉ ብሎ የሚወራረድ ካለ እኔ የለሁበትም።

ታዲያ እንዲህ ያለ መኪና ምን ነካው? የተለመደው መልስ ነዳጅ ረከሰ፣ በ1912 ካዲላክ ሞተሪኖ ገጠመና ሰው ሞተር በእጁ አዙሮ ማስነሳት ቀረለት የሚል ነው። እውነት ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም። ጎማውም አለበት። ጉድይር የተባለው የጎማ ፋብሪካ በ1917 አንድ የጭነት መኪና በአየር የሚነፋ ጎማ አጥልቆ ከአክረን እስከ ቦስተን ላከ። ጎማው እየፈነዳ፣ መኪናው ጭቃ እየዋጠው የመጀመሪያው ጉዞ ሳምንታት ፈጀ። ነገር ግን መንገዱ ተከፈተ። አየር ያለው ጎማ ፍጥነትን አመጣ፣ ፍጥነት ርቀትን፣ ርቀት ደግሞ የጠርሙስ ያህል ክብደት ያለው ብዙ ስንቅ የሚሆነውን ቤንዚን። ከጦርነቱ የተረፉት የቤንዚን መኪኖችም ወደ ሲቪሉ ሥራ ጎረፉ።

ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ግን የገዢው ልብ ነው። ታሪክ ጸሐፊው ዴቪድ ከርሽ በ2000 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳሳየው፣ በዚያ ዘመን ፈረስ፣ ኤሌክትሪክና ቤንዚን እያንዳንዳቸው በየርቀታቸው ሥራ ተከፋፍለው ይኖራሉ የሚል እምነት ነበር። የድርጅት ባለቤቶች ግን ሁሉን የሚችል አንድ ዓይነት መኪና ወደዱ። አሥር መስመር አለህ እንበል። ዘጠኙ አጭር፣ አንዱ ረጅም ነው። ለዘጠኙ ኤሌክትሪክ ይበልጣል፤ ግን ለአሥረኛው ብለህ ሁሉንም ቤንዚን ታደርጋለህ። አሥረኛው መንገድ ዘጠኙን በላቸው።

የእህቴን ልጅም ጠየቅሁት። «በቀን ስንት ትነዳለህ?» «ስድሳ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው» አለኝ። «ታዲያ ትልቁን ባትሪ ለምን አሰብህ?» «በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ ላስ ቬጋስ ጓደኞቼ ዘንድ እሄዳለሁ።» ይኸውላችሁ አሥረኛው መንገድ። ለሁለት ጉዞ ተብሎ ሦስት መቶ ስልሳ ቀን የሚሸከሙት ብረት። ትንሹን ባትሪና ለስለስ ያለውን ጎማ ውሰድ አልሁት፤ ወደ ላስ ቬጋስ ስትሄድ አንዴ ተጨማሪ ቁም፣ ቡናህንም ጠጣ። አልተዋጠለትም። እርሱም ቢሆን ልክ አለው። መንገድ ላይ ቢቆም የሚቆመው እርሱ እንጂ እኔ አይደለሁም። የባትሪው ዋጋ፣ እርጅናው፣ የክረምቱ ብርድ፣ ሁሉም የእርሱ ዕዳ ነው። እንዲህ ሆኖ የተተወ ሰው ትልቁን ባትሪ ቢገዛ ምን ይፈረድበታል?

ቶማስ ኤዲሰንም ችግሩን በተሻለ ስንቅ እፈታዋለሁ ብሎ ነበር። በኒኬልና በብረት የሚሠራ ባትሪውን በ1901 አበሰረ፣ በ1903 ለገበያ አወጣ፤ ባትሪው እያፈሰሰ ስላስቸገረ ሰብስቦ እንደገና ጀመረና የተሻለውን በ1909 አቀረበ። ጠንካራ ባትሪ ነበር፤ ብርድ ያደክመዋል እንጂ። እርሱ ሲጨርስ ግን ቤንዚን ሩቅ ሄዷል።

የተረሳው መልስ የመጣው ከፈጣሪ ሰው አይደለም፤ ከአንድ መብራት ኃይል ነው። በኮነቲከት ግዛት የሃርትፎርድ ኤሌክትሪክ መብራት ኩባንያ በ1910ዎቹ መጀመሪያ አንድ አገልግሎት ጀመረ። ነጋዴው የጭነት መኪናውን ያለ ባትሪ ይገዛል። ባትሪው የኩባንያው ነው። ነጋዴው በየወሩ የተወሰነ ክፍያና በተጓዘው ማይል ልክ ሒሳብ ይከፍላል፤ ባትሪው ሲያልቅ ጣቢያ ገብቶ የተሞላ ይጫንለታል። ጭነት የበዛበት ቀን ሁለቴ ይቀይራል። ባትሪው አረጀ? የመብራት ኃይሉ ጣጣ ነው። በረዶ አደከመው? እርሱንም መብራት ኃይሉ ያስብበት። አገልግሎቱ እስከ 1924 ቆየ። መኪኖቹ በዚያ ጊዜ ውስጥ በድምሩ 6 ሚሊዮን ማይል፣ ማለትም 9 ሚሊዮን 600 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘዋል።

የሃርትፎርድ ሰዎች ባትሪውን አላሳደጉትም። ያደረጉት ነገር ተሸካሚውን መቀየር ነው። ነጋዴው «ስንት ኪሎ ሜትር ይበቃኛል?» ብሎ እንቅልፍ ማጣቱ ቀረ፤ ጥያቄው ኤሌክትሪክ መሸጥ ወደሚፈልገውና ስለ ባትሪ ወደሚያውቀው ድርጅት ተዛወረ። በእኔ አስተያየት ከዚያ ወዲህ በዚህ ጉዳይ ላይ የተሠራው ስህተት ጥያቄውን መልሶ ገዢው ጫንቃ ላይ መጫኑ ነው። ፎርድ በ2022 ላይትኒንግ የተባለውን የኤሌክትሪክ ፒክአፕ ሲያወጣ 370 እና 515 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሄዱ ሁለት ባትሪዎች አቅርቦ ምረጡ አለ። በ2025 መጨረሻ ላይ ደግሞ በባትሪ ብቻ የሚሄደውን ትቶ፣ ቀጣዩን ባትሪ በሚሞላ የቤንዚን ሞተር እንደሚሠራ አስታወቀ። የዋጋውም፣ የመንግሥት ፖሊሲውም፣ የገበያውም ምክንያት አለበት። አሥረኛው መንገድ ግን አሁንም ድምፁን ሰጥቷል።

ወደ እኛ ቤት ስንመጣ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። መንግሥት በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወሰነ። በአሜሪካ ምርጫ የሆነው በእኛ ግዴታ ሆነ ማለት ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ሰው ሲገናኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠየቀው «ያንተዋ ስንት ትሄዳለች?» ሆኗል። በሰንጠረዥ ላይ ያለው ቁጥር ግን የዓባይን በረሃ አያውቀውም። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ሲወረድ ባትሪው ጥቂት ይሞላል፤ ከድልድዩ ወደ ደጀን ሲወጣ ያንን ከነወለዱ ይከፍላል። የፒስታው መንገድ ሻካራ ጎማ ይፈልጋል፤ ሻካራው ጎማ ርቀቱን ይበላል። ባትሪው ከአምስትና ከስምንት ዓመት በኋላ ቢደክም ማን እንደሚጠየቅ ሻጩም በደንብ አይነግርህ። ገዢያችን ብቻውን ስንቅ ተሸካሚ ሆኖ ቀርቷል።

ቻይና ውስጥ ጥያቄውን በሃርትፎርድ መንገድ የያዙት አሉ። ባትሪያቸውን ጣቢያ ገብተው በደቂቃዎች የሚቀይሩ ከባድ የጭነት መኪኖች በብዙ ሺህ ይቆጠራሉ፤ በአብዛኛው የሚሠሩት ከወደብ፣ ከማዕድን ማውጫና ከብረት ፋብሪካ በማይርቅ፣ ሄዶ በሚመለስ አጭር መስመር ላይ ነው። እንዲህ ያለ መስመር እኛም አለን። ከሞጆ ደረቅ ወደብ አዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ኮንቴይነር የጫነ መኪና ዛሬ የሄደበትን ነገም ይሄድበታል፣ አሥረኛ መንገድ የለውም። ለሾፌሩ የሚበቃው ባትሪና የሚስማማው ጎማ በአንድ ቀን ሥራ ተለክቶ ይታወቃል። የሚቀረው ባትሪውን የሚገዛና የሚያከራይ ነው፤ ሃርትፎርድ ላይ ይህን ያደረገው መብራት ኃይሉ ነበር።