የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር አወቃቀር
የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር መሠረታዊ ቅደም ተከተል ባለቤት፣ ግስ፣ ተሳቢ ነው፤ በአማርኛ ግን ግሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። «ሳራ ቡና ትጠጣለች» የሚለው በእንግሊዝኛ «ሳራ ድሪንክስ ኮፊ» ይሆናል። አማርኛ ባለቤቱን በግሱ ላይ ስለሚያመለክት «ትጠጣለች» ብቻውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እንግሊዝኛ ግን ከትእዛዝ በቀር ባለቤቱ ተለይቶ እንዲጠራ ይፈልጋል። የተወሰነ ተሳቢ በአማርኛ «ን» ሲጨመርበት ይታወቃል፤ በእንግሊዝኛ ስም ተሳቢ መሆኑ የሚለየው በቦታው ስለሆነ፣ ቅደም ተከተሉ ሲዛባ ትርጉሙ ይለወጣል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ እንዲሆን ደንግጓል። በመሆኑም አንድ ተማሪ ይህን የሁለቱን ቋንቋዎች የአወቃቀር ልዩነት ቀድሞ ማወቁ የሒሳብና የሳይንስ መጻሕፍትን ለመረዳት መሠረት ይሆነዋል።