የኅዳር በሽታና "ሕዝቡ በዛ" የሚለው ሰበብ

አዲስ አበባ የኖረ ሰው ኅዳር 12ን አይረሳውም። ከየግቢው ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፣ ከተማው በጭስ ይታፈናል፣ "ኅዳር ሲታጠን" ይባላል። (እኛ ስደተኞቹ በየአፓርታማችን እንሞክረው ብንል የእሳት አደጋ መኪና ነው በር ላይ የሚቆመው!) ብዙዎች ልማዱን የሚያያይዙት በኅዳር 1911 ዓ.ም. አገር ከጨረሰው በሽታ ጋር ነው። ዓለም "የስፔን ኢንፍሉዌንዛ" ያለው፣ እኛ "የኅዳር በሽታ" ያልነው ማለት ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ወረርሽኝ በመጣ ቁጥር ከሹማምንት አፍ የማይጠፋ አንድ መልስ አለ፤ "ሕዝቡ በዛ፣ ተጨናነቀ፣ ምን እናድርግ?" የሚል። እስቲ በታሪክ እንፈትሸው።

ለመሆኑ የ1911ዋ አዲስ አበባ የተጨናነቀች ከተማ ነበረች? አልነበረችም። በየመኳንንቱ ግቢ ዙሪያ የተመሠረቱ ሰፈሮች፣ በመካከላቸው ሜዳና ባሕር ዛፍ ነበር። ሆኖም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው በአዲስ አበባ ብቻ ከ10,000 በላይ ሰው ማለቁን ይነግሩናል። ራሳቸውም፣ ያኔ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ፣ በጠና ታመው ነው የተረፉት።

ሜዳው ሰፊ ቢሆንም ጎጆው ጠባብ ነበር። በአንድ ክፍል ቤተሰብ ሙሉ ያድራል፣ ታማሚን ጠያቂ ይሞላዋል፣ ለቅሶ ሰፈር ያሰባስባል። በዚያ ላይ ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917፣ ማለትም ከበሽታው አንድ ዓመት ቀድሞ ነው። ቀድሞ በበቅሎ ሳምንታት በሚፈጀው መንገድ የታመመ ነጋዴ ወይ እመንገድ ይድናል ወይ እመንገድ ይቀራል። ባቡሩ ግን ሰውየውን ከነትኩሳቱ በጥቂት ቀናት ከተማ ያደርሰዋል።

የሕዝብ ቁጥር ምንም ለውጥ አያመጣም ማለቴ አይደለም። ኩፍኝ በአንድ ከተማ ሳይጠፋ ለመኖር ወደ 300,000 የሚጠጋ ነዋሪ እንደሚያስፈልገው ባለሙያዎች አስልተዋል፤ ከዚያ ባነሰ ሕዝብ መካከል አዲስ የሚይዘው ሕፃን ያጣና ይጠፋል። የፋሮ ደሴቶች ለ65 ዓመታት ኩፍኝ ሳያዩ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1846 ሲገባባቸው ከ7,800 ያህል ነዋሪ 6,000 ያህሉ ታመመ። ስለዚህ ቁጥሩ የሚወስነው በሽታው ከገባ በኋላ ይቆይ እንደሆነ ነው። ማን አስገባው የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው።

ለዚህ ከሳሞአ የበለጠ ምስክር አላውቅም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 7 ቀን 1918 ታሉን የተባለችው መርከብ በኒውዚላንድ ሥር በነበረችው ምዕራብ ሳሞአ ሕሙማን እንደጫነች ያለ አንዳች ማቆያ እንድታራግፍ ተፈቀደላት። ከ38,000 ነዋሪ 8,500 ያህሉ አለቀ፤ ከአምስቱ አንዱ በላይ መሆኑ ነው! አስተዳዳሪው ኮሎኔል ሎጋን አጠገቡ ካለችው የአሜሪካ ሳሞአ የቀረበለትን የሕክምና እርዳታ እንኳ አልተቀበለም። በዚያች በአሜሪካ ሳሞአ ግን ገዢው ጆን ፖየር ወደቡን ዘግቶ መርከብ ሁሉ ተለይቶ እንዲቆይ አደረገ። አንድም ሰው አልሞተም። ሕዝቡ አንድ፣ ቋንቋው አንድ፣ የመንደሩ አሠራር አንድ፤ የተለያየው ሹሙ ነው። የኒውዚላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሄለን ክላርክ እ.ኤ.አ. በ2002 ሳሞአ ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠየቁ። 84 ዓመት ዘግይቶም ቢሆን።

ወደ ራሳችን ወገን ልመለስ። ሳዑዲ ዓረቢያ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ20 የማይበልጥ ሰው የሚኖርባት አገር ናት። በአማካይ ቁጥር ብንሄድ በሽታ የማይፈራባት ምድር በሆነች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ሲገባ የሁቲ ኃይሎች በሽታውን ሰበብ አድርገው ከሰሜን የመን ያባረሯቸው በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ድንበር ላይ ተተኮሰባቸው፤ የተረፉት ሳዑዲ ውስጥ ጂዛንን በመሰሉ ቦታዎች ታሰሩ። ዓለም ሁሉ "ተራራቁ" እየተባለ ሳለ እነሱ መስኮቱ በብረት በታጠረ ክፍል፣ በዚያ ሙቀት፣ ራቁት ደረታቸውን ትከሻ ለትከሻ ተኝተው ነበር። ይህን ያየነው ታሳሪዎቹ ደብቀው ባስገቧቸው ስልኮች ፎቶ አንስተው ስለላኩልን ነው።