ማዕበልና መልካም ተስፋ

በ1487 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የፖርቱጋል ንጉሥ ዳግማዊ ዮሐንስ በሁለት አቅጣጫ ሰዎች ላከ። የፈለገው ሁለት ነገር ነበር፤ የሕንድን ቅመማ ቅመምና አውሮፓውያን «ፕሬስተር ጆን» እያሉ በሩቅ የሚያወሩለትን ክርስቲያን ንጉሥ። በየብስ የተላከው ፔሮ ዳ ኮቪልያ ግብጽንና ሕንድን አይቶ በመጨረሻ በዐፄ እስክንድር ዘመን አገራችን ገባ። ርስትና ሚስት ተሰጠው፤ የመመለሻ ፈቃድ ግን ተከለከለ። በ1520 የመጡት የፖርቱጋል መልእክተኞች እዚሁ ሸምግሎ አገኙት።

የኮቪልያን ታሪክ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። በባሕር የተላከው የበርቶሎሜዎ ዲያዝ ዕጣ ግን ሌላ ነበር። የዲያዝ መርከቦች የአፍሪካን ምዕራባዊ ጠረፍ ይዘው ወደ ደቡብ ሲወርዱ፣ በ1488 መጀመሪያ ላይ ማዕበል ከየብስ አርቆ ወሰዳቸው። ለብዙ ቀናት መሬት አላዩም። ነፋሱ ጋብ ሲልላቸው ወደ ምሥራቅ ዞሩ፤ ምንም የለም። ወደ ሰሜን ቢያቀኑ መሬት አገኙ፤ ጠረፉ ግን አሁን ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ነበር። የአፍሪካን ጫፍ ሳያዩት ዞረውታል! ያን ዝነኛ ቋጥኝ ያዩት ወደ አገራቸው ሲመለሱ ነው።

ስሙን ማን እንዳወጣለት የዚያ ዘመን ጸሐፊዎች አይስማሙም። አንደኛው፣ ዲያዝ «የማዕበል ጫፍ» ብሎት ንጉሡ «የመልካም ተስፋ ጫፍ» በሚል ለወጠው ይላል። ሌላው ደግሞ ተስፋውንም ያወጣው ዲያዝ ራሱ ነው ይላል። ያም ሆነ ይህ ዲያዝ ከተስፋው አልተጠቀመም። በ1500 ወደ ሕንድ ከሚሄዱ መርከቦች ጋር ሲጓዝ ማዕበል ከነመርከቡ አሰጠመው።

ይህ ጫፍ ከዛሬዋ ኬፕ ታውን ጀምሮ ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘረጋ ተራራማ ባሕረ ገብ መሬት መጨረሻ ነው። ብዙ ሰው የአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ ይመስለዋል፤ አይደለም። እውነተኛው ጫፍ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ርቆ የሚገኘው አጉልሃስ ነው። በባሕረ ገብ መሬቱ ሰሜናዊ ዳር አናቱ እንደ ገበታ የተደለደለ ተራራ ቆሟል፤ ከግርጌው ያለው ወደብም በዚሁ ስም ቴብል ቤይ ይባላል። በበጋ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነሣው ነፋስ በተራራው ላይ ነጭ ደመና እንደ ጨርቅ ያነጥፋል። የከተማው ሰው ይህን ነፋስ «ዶክተሩ» ይለዋል፤ መጥፎውን አየር ጠርጎ ይወስዳል ሲል ነው። ክፉው ግን የክረምቱ ነው። ከግንቦት እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ከሰሜን ምዕራብ ይመጣል፤ ወደቡ ደግሞ አፉን የከፈተው ወደዚያው ነው። መልሕቋ የተበጠሰ መርከብ መጠጊያ የላትም።

መሬቱ ባዶ አልነበረም። ኮይኮይ የሚባሉ ከብት አርቢዎች በየወቅቱ መንጋቸውን እየነዱ ይግጡበት ነበር። በ1510 ከሕንድ ሲመለስ እዚያ የወረደው የፖርቱጋል እንደራሴ ፍራንሲስኮ ደ አልሜዳ ከእነርሱ ጋር ተጋጭቶ፣ ከሃምሳ ከሚበልጡ ሰዎቹ ጋር ተገደለ። ከዚያ በኋላ ፖርቱጋሎች ቦታውን ሸሹት።

ታሪኩን የለወጠው አንድ የመርከብ አደጋ ነው። በመጋቢት 1647 «ኒዩወ ሃርለም» የተባለችውን የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መርከብ ብርቱ ነፋስ ገፍቶ ከወደቡ አሸዋ ላይ አስቀመጣት። ስልሳ ያህል ሰዎች ጭነቱን ሊጠብቁ ቀሩ። አንድ ዓመት ያህል ቆዩ፤ አትክልት ተከሉ፤ ከኮይኮዮች ከብት ገዙ። አገራቸው ሲገቡም ከመካከላቸው አንዱ፣ ሊንደርት ያንስዞን፣ ከአንድ ባልንጀራው ጋር በ1649 ለኩባንያው ማመልከቻ ጻፈ። አፈሩ ለም ነው፤ ውኃው ጥሩ ነው፤ ሕዝቡም እንደሚባለው አረመኔ አይደለም፤ ክፉ ቢሠራ እንኳ የኛ ሰዎች ከብቱን ስለሚቀሙት ነው አሉ። ኩባንያው ምክሩን ተቀበለ። በሚያዝያ 1652 ያን ቫን ሪቤክ በሦስት መርከቦች መጥቶ ምሽግ መሥራት ጀመረ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። የኮይኮዮች ደግነት የተመሰከረበት ወረቀት፣ መሬታቸው ለተወሰደበት ሥራ መነሻ ሆነ። በ1657 ኩባንያው ለራሱ ሰዎች የእርሻ መሬት ማደል ጀመረ፤ በ1659 ጦርነት ተነሣ። በ1660 ለዕርቅ ሲቀመጡ ኮይኮዮቹ፣ እኛ ወደ ሆላንድ ብንሄድ እንዲህ እንድናደርግ ይፈቀድልን ነበር ወይ ብለው እንደጠየቁ ቫን ሪቤክ ራሱ በዕለት ማስታወሻው አስፍሮታል። መልሱ በጦርነት የተያዘ መሬት አይመለስም የሚል ነበር። በዚያው ዓመት የቅኝ ግዛቱን ድንበር በለውዝ ዛፍ አጠሩት። ከዚያ አጥር የተረፈው ዛሬም በኪርስተንቦሽ የዕፀዋት ሥፍራ ይታያል።

ማዕበሉ ግን ለአጥር የሚመለስ አልነበረም። በ1722ም በ1737ም ክረምት የኩባንያው መርከቦች በጅምላ ተሰባብረው በመቶ የሚቆጠሩ መርከበኞች አለቁ። በ1740ዎቹ የድንጋይ መከላከያ ተጀምሮ ቀረ። መርከቦቹ ክረምቱን ከባሕረ ገብ መሬቱ ማዶ በሳይመን ቤይ እንዲያሳልፉ ታዘዘ። ትእዛዙ ሁሌ አይከበርም ነበር። በሰኔ 1773 «ዮንገ ቶማስ» ስትሰበር የኩባንያው ወታደሮች የተላኩት ወደ ዳር የሚወጣውን ዕቃ ከሌባ ለመጠበቅ ነበር። ወልራድ ቮልተማደ የተባለ ላም አርቢ ሽማግሌ ግን ፈረሱን ይዞ ሰባት ጊዜ ወደ ማዕበሉ ገባና አሥራ አራት ሰው አወጣ። በስምንተኛው የተጨነቁት መርከበኞች ስለተረባረቡበት ከነፈረሱ ሰጠመ።

ጽኑ ግንብ የተጀመረው በእንግሊዞች ዘመን፣ በ1860 ነው። ግንቡ ሳያልቅ በግንቦት 1865 ታላቁ ማዕበል መጥቶ ብዙ መርከቦችን ዳር ላይ ከመረ፤ «አቴንስ» የተባለችው የፖስታ መርከብም ከነሰዎቿ ጠፋች። ድንጋዩን የሚፈልጡትና የሚያግዙት እስረኞች ነበሩ። ከእነርሱም መካከል ከብት ሰረቃችሁ ተብለው ከሩቅ በረሃማ አገር የመጡ የሳን ሰዎች ይገኙ ነበር። ካቦ የሚባለው አንዱ እስረኛ በ1871 የቋንቋ ሊቁ የቪልሄልም ብሌክ ቤት ሄዶ እንዲቀመጥ ተፈቀደለት። እርሱና ወገኖቹ ለብሌክና ለሉሲ ሎይድ የነገሯቸው ተረትና እምነት በሺህ በሚቆጠሩ ገጾች ተጽፎ ቀረ። ስለ ዝናብና ስለ ነፋስ የሚያምኑትም በውስጡ አለ። የሚናገሩት ቋንቋ ግን ጠፍቷል።

ዛሬ በዚያ ወደብ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ተደርድረዋል። ኔልሰን ማንዴላ ለ18 ዓመታት ወደታሰረበት ሮበን ደሴት ጎብኚዎችን የሚወስደው ጀልባም የሚነሣው ከዚያው ነው። ባሕሩ በከፋ ቀን ጉዞው ይሰረዛል።

የዚህን ምድር ታሪክ ሁሉ በማዕበል ማሳበብ ይቻላል፤ ዲያዝንም ሃርለምንም ያመጣ ነፋስ ነውና። ነፋስ ግን መርከብ ይገፋል እንጂ አጥር አያጥርም፤ እስረኛም አያስፈልጥም። ቦታው ሁለት ስም ነበረው። ተስፋው ለመጡት፣ ማዕበሉ ለነበሩት ደረሰ።