ያልታየውን የቈጠሩ ሊቃውንት

ከወንዝ የተቀዳ ድፍርስ ውሃ በእንስራ ሲያድር፥ አሸዋው ቶሎ፥ ጭቃውም ቈይቶ እንደሚዘቅጥ ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። እጅግ የደቀቀው አፈር ግን ብዙ ቀን ቢቈይም ከውሃው ፈጽሞ አይለይም። ምድር ሁሉን ወደ ታች የምትስብ ስትሆን፥ ይህን ደቃቅ ነገር ደግፎ የሚያቆየው ምንድር ነው? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም የተፈጥሮ ሊቃውንትን ሰማንያ ዓመት ያህል አድክሞ፥ በመጨረሻው የአቶምን መኖር ለማስረዳት በቅቷል። ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ ከዚህ ቀጥለን እንገልጻለን፤ የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1827 ዓ.ም. ሮበርት ብራውን የተባለው የስኮትላንድ ተወላጅ የዕፀዋት ሊቅ፥ ከአበባ ዱቄት ውስጥ የሚወጡትን ጥቃቅን ቅንጣቶች በውሃ አድርጎ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት፥ ያለ ዕረፍት ወዲያና ወዲህ ሲንቀሳቀሱ አየ። አበባ ሕያው ስለ ሆነ እንቅስቃሴው የሕይወት ምልክት ይመስል ነበር። ብራውን ግን በመሰለው ነገር አልረጋም። ደርቀው የቈዩ ዕፀዋትን፥ ቀጥሎም ብርጭቆንና ልዩ ልዩ ድንጋዮችን፥ ከግብጹ ስፊንክስ የተገኘውን ስባሪ እንኳ ሳይቀር አድቅቆ መረመረ፤ ሁሉም እንዲሁ ተንቀሳቀሱ። ምናልባት የውሃው መትነን ይሆናል ብሎ ነጠብጣቡን በዘይት ውስጥ ቢያደርገው፥ እንቅስቃሴው አልተቋረጠም። ስለዚህ ምክንያቱ ሕይወት አለመሆኑን አረጋገጠ፤ እውነተኛውን ምክንያት ግን ሳያገኝ በ1858 ዓ.ም. ዐረፈ።

በዚያ ዘመን ስለ አቶም የነበረው አሳብ የተከፈለ ነበር። የኬሚስትሪ ሊቃውንት፥ ጆን ዳልተን በ1808 ዓ.ም. መጽሐፉን ካሳተመ ጀምሮ በአቶም ስም ሒሳባቸውን ይሠሩ ነበር፤ ሆኖም ብዙዎቹ ለስሌት የሚጠቅም ስም እንጂ በርግጥ ያለ ነገር ነው ለማለት አልደፈሩም። ጀርመናዊው ቪልሄልም ኦስትቫልትማ፥ ተፈጥሮን በኃይል ሕግ ብቻ ማስረዳት ስለሚቻል የማይታይ አቶም አያስፈልግም ሲል ተከራከረ። በፊዚክስ በኩል የኦስትሪያው ሉድቪግ ቦልትስማን የአቶምን መኖር አጥብቆ ደገፈ፤ ነገር ግን የድካሙን ፍሬ ሳያይ በ1906 ዓ.ም. ሞተ።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፥ በስዊስ አገር በበርን ከተማ የፓተንት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የነበረው አልበርት አይንሽታይን ምክንያቱን ጽፎ ነበር። የውሃ ሞለኪውሎች ቅንጣቱን ከየአቅጣጫው ይመቱታል፤ ትልቅ አካል ሲሆን ምቱ እርስ በርሱ ይተካከላል፤ ደቃቅ ሲሆን ግን ስለማይተካከል ቅንጣቱ ይንገላታል። አይንሽታይን በዚህ ሳያበቃ፥ ጊዜው በአራት እጥፍ ሲረዝም ቅንጣቱ ከመነሻው የሚርቀው በአማካይ በሁለት እጥፍ ብቻ መሆኑን በሒሳብ አሳየ። እንግዲህ ክርክሩ በመለካት ሊፈረድ የሚችል ሆነ።

የመለካቱን ሥራ ከ1908 ዓ.ም. ጀምሮ በፓሪስ የፈጸመው ዣን ፔራን ነው። እርሱም ጋምቦዥ ከተባለ ከዛፍ ሙጫ የሚገኝ ቢጫ ቀለም 1 ኪሎ ግራም ወስዶ፥ በሚሽከረከር መሣሪያ ደጋግሞ እየለየ፥ ከብዙ ወራት ድካም በኋላ መጠናቸው እኩል የሆኑ ቅንጣቶች ከአንድ ግራም ያነሰ ብቻ አገኘ። የቅንጣቶቹን መጠን ለማወቅ ከተጠቀመባቸው መንገዶች አንዱ፥ ጆርጅ ስቶክስ በ1851 ዓ.ም. ያወጣው በፈሳሽ ውስጥ ስለሚዘቅጥ አካል የሚናገር ሕግ ነው፤ ይህም ሕግ ዛሬ መሐንዲሶች የማጥለያ ገንዳ ሲሠሩ የሚያስቡበት ነው።

ፔራን ቅንጣቶቹን በየከፍታው ቢቈጥራቸው፥ ከታች 100 የነበሩት በየሚሊሜትሩ 3 መቶኛ ከፍታ 47፥ 23፥ 12 እየሆኑ በግማሽ ያህል ሲቀንሱ አገኘ። አየርም እንዲሁ ወደ ላይ ሲወጡ ይሳሳል፤ ነገር ግን በግማሽ የሚቀንሰው ከ5 እስከ 6 ኪሎ ሜትር ሲወጡ ነው። 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ያህል የሆነው በዚሁ ሕግ ነው። ፔራን የቅንጣቱን ክብደት ስላወቀ፥ ሁለቱን ከፍታዎች በማነጻጸር የሞለኪውልን ክብደት አገኘ፤ ከዚያም በ2 ግራም ሃይድሮጂን ውስጥ ያሉት ሞለኪውሎች ቍጥር 6 ወይም 7 ተጽፎ 23 ዜሮ የሚከተለው መሆኑን ገመተ። በ1913 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ ከሰማይ ሰማያዊነትና ከራዲዮአክቲቭ ጨረር የተገኙት ስሌቶች ሳይቀሩ ወደዚሁ ቍጥር መቅረባቸውን አሳየ። በ2019 ዓ.ም. ይህ ቍጥር 6.02214076 በ10 ኃይለ 23 ተባዝቶ እንዲጸና በዓለም ተወስኗል።

ኦስትቫልት በ1909 ዓ.ም. በመጽሐፉ መቅድም የአቶም መኖር በሙከራ እንደ ተረጋገጠ በግልጽ አመነ። የቀድሞ ጥርጥሩም ቢሆን ከንቱ አልነበረም፤ ተከራካሪዎቹ ከንግግር ይልቅ ማስረጃ እንዲያቀርቡ አስገድዷቸዋልና። ፔራንም በ1926 ዓ.ም. የፊዚክስን የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

አሁን ወደ እንስራችን እንመለስ። ደቃቁን አፈር የሚያንገላታው የሞለኪውሎች ምት ነው፤ ቅንጣቶቹም በኤሌክትሪክ ኃይል እርስ በርሳቸው ስለሚገፋፉ ተጠጋግተው አይከብዱም። የውሃ ማጣሪያ መሐንዲስ አሉሚኒየም ሰልፌት ሲጨምር መገፋፋቱ ይቀራል፤ ቅንጣቶቹም ተያይዘው ይዘቅጣሉ። የዕፀዋት ሊቁ ያየውን የፊዚክስ ሊቁ በሒሳብ አስረዳ፤ የኬሚስትሪ ሊቁ ተቀበለው፤ መሐንዲሱም ለሕዝብ ጥቅም አዋለው። በየትምህርት ቤታችን እነዚህ ትምህርቶች በየክፍላቸው ተለያይተው ቢሰጡም፥ አንድ ጭብጥ ድፍርስ ውሃ ሁሉንም እንደሚያገናኛቸው መምህሩ ለተማሪው ቢያሳየው መልካም ይመስለናል።