ሳይቃጠል በቅጠል፦ ድርቅን ከሰማይ የማየት ታሪክ



ዝናብ ሲቀር መጀመሪያ የሚያውቀው ማን ነው? ገበሬውና አርብቶ አደሩ ናቸው። የወሎ ገበሬ በልግ መቅረቱን፣ የሶማሌ ግመል አርቢ የጉ ዝናብ መዘግየቱን ለማወቅ ማንንም አይጠይቁም። ነገር ግን አንድ ገበሬ የሚያየው የራሱንና የጎረቤቱን ማሳ ነው። ድርቁ ስንት ወረዳ እንደያዘ፣ ስንት ሺህ ቤተሰብ ከብቱን ለመሸጥ እንደተገደደ ከቦታው ሆኖ ሊያውቅ አይችልም። እህል ለማዘዝና መኪና ለመላክ ግን የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ታዲያ ይህን የተበታተነ እውቀት አንድ ላይ የማምጣት ሥራ እንዴት ተጀመረ? ምንስ ጠቀመ?

ከ66 እስከ 77

በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ገሃድ ከወጣ በኋላ በኢትዮጵያ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ኮሚሽኑ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥራ ጀመረ። የዝናቡ መጠን፣ የሰብሉ ሁኔታ፣ የገበያው ዋጋ ከየአካባቢው ይሰበሰብ ነበር። ዋጋ ብዙ ይናገራል። እህል እየተወደደ ከብት እየረከሰ ከሄደ ሰው ጥሪቱን እየሸጠ ነው ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በማርች 1984 ኮሚሽኑ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ አደጋ ላይ መሆኑን ለለጋሾች አስታወቀ። ለጋሾቹ ግን ቁጥሩን ተጠራጠሩ። የደርግ መንግሥት በበኩሉ ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ሽር ጉድ ላይ ነበር። በሰሜን ደግሞ ጦርነቱ መንገዱን ዘግቷል። ዓለም የነቃው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው፤ ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረፀው ፊልም በቢቢሲ ሲታይ። ማስጠንቀቂያው ከተነገረ ሰባት ወር ገደማ አልፎታል። የሞተውን ሰው ብዛት አንዳንዱ 400 ሺህ፣ ሌላው እስከ 1 ሚሊዮን ይገምተዋል።

አረንጓዴን የሚለካ ዓይን

ከምድር ያለው መረጃ ካልታመነ ሌላ ምስክር ያስፈልጋል። የመጀመሪያዋ የአየር ሁኔታ ሳተላይት ታይሮስ 1 እ.ኤ.አ. በ1960፣ የመሬትን ገጽ የምታጠናው ላንድሳት 1 ደግሞ በ1972 መጥቀዋል። ኮምፕተን ተከር የተባለ አሜሪካዊ ሳይንቲስት በ1979 ባሳተመው ጥናት የዕፅዋትን ሁኔታ ከብርሃን ነጸብራቅ መለካት እንደሚቻል አሳየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ለምግብ መሥሪያ ይወስደዋል፤ ኢንፍራሬድ የሚባለውንና በዓይናችን የማናየውን ብርሃን ግን መልሶ ይረጨዋል። ሳተላይቷ ሁለቱንም ትለካለች። ከኢንፍራሬዱ ላይ ቀዩን እንቀንስና ለሁለቱ ድምር እናካፍላለን። ለምሳሌ ኢንፍራሬዱ 50፣ ቀዩ 10 ቢሆን፣ 40 ሲካፈል ለ60፣ 0.67 ይሆናል፤ ይህ ለምለም ማሳ ነው። ኢንፍራሬዱ 25፣ ቀዩ 20 ቢሆን ግን 5 ሲካፈል ለ45፣ 0.11 ብቻ ይሆናል፤ ይህ ራቁቱን የቀረ መሬት ነው። ስሌቱ ኤንዲቪአይ ይባላል፤ ለሰባተኛ ክፍል ተማሪም አይከብድም።

ድር ቢያብር

ከ77ቱ እልቂት በኋላ የአሜሪካ መንግሥት የልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1985 የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት አቋቋመ፤ በኋላ ፊውስኔት የተባለው ነው። የሳተላይቱን የአረንጓዴነት ካርታ ከዝናብ፣ ከሰብልና ከገበያ ዋጋ ጋር አብሮ ማንበብ ተጀመረ።

ማቀናጀቱ ለምን አስፈለገ? ምክንያቱም ሳተላይት ብቻዋን ትሳሳታለች። ዝናብን የምትገምተው በደመናው አናት ቅዝቃዜ ነው፤ በደጋው ግን ያን ያህል ያልቀዘቀዘ ደመናም ይዘንባል። የዝናብ መለኪያ ጣቢያ ደግሞ እውነቱን ይናገራል፤ ግን የሚያውቀው የቆመበትን ቦታ ብቻ ነው። ቺርፕስ የሚባለው የዝናብ መዝገብ ሁለቱን አጣምሮ ከ1981 ጀምሮ ያለውን ዝናብ በካርታ ያሳያል።

ቀጠናችንም በዚህ ታሪክ ተመልካች ብቻ አልነበረም። በ1989 ናይሮቢ ላይ የድርቅ መከታተያ ማዕከል ተከፈተ፤ በኋላ ኢክፓክ የተባለው የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል ሆኗል። ዛሬ ዓለም የሚጠቀምበት ባለ አምስት ደረጃ የምግብ እጥረት መመደቢያ የተወለደውም ሶማሊያ ውስጥ በ2004 ነው። በ2005 ወደ 60 የሚጠጉ አገሮች ብራስልስ ላይ ተሰብስበው የምድር ምልከታ ሥርዓቶቻቸውን ለማገናኘት የአሥር ዓመት ዕቅድ አጸደቁ። ግብርና፣ ውሃ፣ ጤና፣ የአደጋ መከላከልና ሌሎችም፣ በጠቅላላው ዘጠኝ የጥቅም ዘርፎች ተለዩ። በ2008 ደግሞ አንዱ በመቶዎች ዶላር ይሸጥ የነበረው የላንድሳት ምስል ለሁሉም በነፃ ሆነ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ

እንግዲህ ዓይኑ በራ። ጆሮውስ? በኦገስት 2010 ፊውስኔት በሶማሊያ ድርቅ ሊመጣ እንደሚችል መናገር ጀመረ፤ ማስጠንቀቂያው በተከታታይ ወራት ተደጋገመ። ረሃብ መግባቱ የታወጀው ግን ጁላይ 20 ቀን 2011 ነው። ገንዘቡ በብዛት የመጣውም ያን ጊዜ ነው። ጦርነትና የእርዳታ ሠራተኞች መከልከል ነገሩን አባባሱት። በኋላ የወጣ ጥናት ወደ 260 ሺህ ሰው እንደሞተ ገመተ፤ ግማሹ ከአምስት ዓመት በታች የነበሩ ሕፃናት ናቸው። በዚያ ዓመት ከ100 ሺህ በላይ ሰው ዳዳብ ገባ። ዶሎ አዶ አካባቢ ያሉት ቆቤና ሂላወይን ካምፖችም የተከፈቱት በዚያው ዓመት ነው። በእነዚህ ካምፖች ላደጉ ተማሪዎች ይህ የመጽሐፍ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ወላጆቻቸው በእግራቸው የተጓዙት መንገድ ነው።

በ2017 ግን ሌላ ሆነ። ማስጠንቀቂያው በዓመቱ መጀመሪያ ሲነገር እርዳታው ቶሎ መጣ፤ ሶማሊያ ውስጥ ረሃብ ሳይታወጅ ቀረ። እስከ 2022 መጨረሻ ደግሞ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ያኔም ረሃብ አልታወጀም፤ ሆኖም በዚያ ዓመት በድርቁ ሳቢያ ወደ 43 ሺህ ሰው ሳይሞት እንዳልቀረ ተገምቷል። ስለዚህ “ረሃብ አልታወጀም” ማለት “ሰው አልሞተም” ማለት አይደለም።

በጃንዋሪ 2025 አሜሪካ የውጭ እርዳታዋን ስታቆም የፊውስኔት ድረ ገጽ ተዘጋ፤ ሥራው በከፊል የተመለሰው ከወራት በኋላ ነው። ሳተላይቶቹ በእነዚያ ወራትም መዞራቸውን አላቆሙም። የጠፋው የሰበሰቡትን አንብቦ ለወሳኙ ሰው የሚያደርሰው እጅ ነው። በ1984ም የጎደለው መረጃውን አምኖ በጊዜ የሚነሳ ሰው ነበር።

ለክፍል ውይይት

1. በ1984፣ በ2011 እና በ2017 ማስጠንቀቂያ ነበረ። ውጤቱን የለያየው ምንድን ነው?
2. አያቶቻችሁ ድርቅ መምጣቱን በምን ምልክት ያውቁ ነበር? ጠይቃችሁ ጻፉ። ሳተላይት የማታየው የትኛውን ነው?
3. ጎኑ ቀጥ ያለ የፕላስቲክ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጣችሁ፣ ሚሊሜትር ምልክት አድርጋችሁ የዝናብ መለኪያ ሥሩ። ቤትና ዛፍ በማይከልለው ቦታ አስቀምጡት፤ ዘወትር ጠዋት በአንድ ሰዓት መዝግቡ። ወሩ ሲያልቅ ከሌላ ትምህርት ቤት መዝገብ ጋር አስተያዩት።